ፊቱን ሳላይ አቤት አልልም

ስሜን የሚጠራኝን ሰው ፊቱን ሳላይ አቤት አልልም። ልጆቼ ጆሮዬ የደከመ ይመስላቸዋል። ትልቋ ልጄ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ድረስ ወስዳ አስመረመረችኝ፤ ሐኪሙ በጆሮዬ ውስጥ ከኩክ በቀር ያገኘው ነገር የለም። ምን ያገኛል፤ እኔ እኮ ከጓዳ ሆነው ስለ እኔ የሚንሾካሾኩትን ሁሉ እሰማለሁ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ኩራት ነው ይላሉ። የሸዋሮቢት ሰው ለሐሜት ከማንም አያንስም፤ ሙቀቱ ነው መሰል፣ ከጥላ ሥር አረፍ ካለ ሌላ ሥራ አያምረውም። ኩራትም የጆሮ ሕመምም አይደለም። ልማዱን ከየት እንዳመጣሁት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ባለፈው ሳምንት ወፍጮ ቤት የገጠመኝ ባይኖር ኖሮ አሁንም አላነሳውም ነበር። ነገርን ነገር ያነሳዋል።

ጤፍ ላስፈጭ ሄጄ፣ ወረፋ ይዤ፣ ከውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ውጭው ዓይን የሚወጋ ፀሐይ ነው፤ የወፍጮ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከዱቄቱ ብናኝ የተነሳ ጨለማ ነው። ወፍጮው ላይ የምትሠራው ልጅ ከውስጥ ሆና «ጋሼ ንጋቱ» አለች። ዝም አልኩ። ደገመች። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ እሱንም ዝም አልኩት። በመጨረሻ ቅንድቧ ላይ ዱቄት እንደ ተነሰነሰ በሩ ላይ ብቅ ስትል «አቤት» አልኳት። ደንቆሮ ሽማግሌ መስያት ኖሮ ጮክ ብላ፣ በእጇም እያሳየች፣ ተራዬ መድረሱን ነገረችኝ። ተነስቼ ስገባ ከፊቴ የነበረ አንድ የቆላ ገበሬ ጆንያውን ሲዘረግፍ ሽታው መጣ። የጉድጓድ ማሽላ ሽታ ነው። ዛሬ አብዛኛው ገበሬ እህሉን በጆንያ አድርጎ፣ የነቀዝ መድኃኒት ጨምሮበት፣ ቤቱ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ያን ሽታ የማያውቅ ወጣት እህሉ የበሰበሰ መስሎት አፍንጫውን ይይዛል። የእርጥብ አመድ፣ የከረመ ብቅልና የተዘጋ ቤት ሽታ አንድ ላይ ነው። ጤፌን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ልጅቷ ከኋላዬ ስሜን ስትጠራ ሰማኋት፤ አልዞርኩም።

ያደግሁት ቀወት ወረዳ ውስጥ፣ ከጀውሃ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ሸዋሮቢት፣ እኛ ባጭሩ ሮቢት የምንላት፣ ያኔ ለእኛ ዓለም ማለት ነበረች። አስፋልቱ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከግራና ከቀኝ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ከበረንዳቸው ሥር የብርቱካንና የፓፓያ ቁልል፣ ከቁልሉ ኋላ በነጠላቸው ጫፍ ዝንብ የሚያባርሩ ሴቶች። ወደ ደሴ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን ለማብረድ ይቆማሉ። ረዳቶቹ ቤልቦተም ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ጎፈሬያቸው ላይ ማበጠሪያ ሰክተው ሲወርዱ፣ እኛ የአቡጀዲ ቁምጣ ለባሾች አፋችንን ከፍተን እናያቸዋለን። በስሙኒ የሚገዛው ብርቱካን ለሁለት ልጅ ይበቃል፤ ዐሥር ሣንቲም ያለው ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል። መኪኖቹ ከሚቆሙበት ማዶ፣ ጥጉ ላይ፣ ግራማፎን ያለው ቡና ቤት ነበር። ያለው ሸክላ አንድ ብቻ ይመስል ያንኑ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ያዞራል። ሸክላው የተጫረበት ቦታ ሲደርስ ዘፋኟ አንዲት ቃል ላይ ትቆምና ባለቤቱ መጥቶ መርፌውን በጣቱ እስኪገፋ ድረስ ያችኑ ትደጋግማለች። ሰዎች ይስቁ ነበር። እኔ ግን አልወደውም፤ ሰው የሌለበት ድምፅ ያን ጊዜም ደስ አይለኝም። ዛሬ ያ ጥግ የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ የድምፁ ብዛት ግን ያው ነው። ከእሱ አለፍ ሲሉ የአረቄ ቤቶቹ ይጀምሩ ነበር። በገበያ ቀን፣ ከመጨረሻው አረቄ ቤት ደጃፍ፣ የእንጀራ አባቴ አህያ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ታሰረች ትውላለች።

አጎናፍር ይባላል። እኔ ጋሼ አጎናፍር እለዋለሁ፤ እሱ ግን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ትከሻው በር የሚሞላ ትልቅ ሰው ነው። ሙያው የእህል ጉድጓድ መቆፈር ነው። በእኛ ቆላ ያኔ ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነበር። ጉድጓዱ እንደ ጋን ነው፤ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። ውስጡን በእበት ለቅልቀው፣ በእሳት አድርቀው፣ ገለባ አልብሰው እህሉን ይጨምሩና አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይና በጭቃ ይደፍኑታል። ነቀዝም ሌባም አያገኘውም። ክፋቱ ሲከፈት ነው። ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ጠዋት ይከፈትና እስኪተነፍስ ይጠበቃል። ከዚያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ኩራዙ ከጠፋ እንደገና መጠበቅ ነው። የሚወርደው ሰው ወገቡ ይታሰራል፣ ከላይ አንድ ሰው ገመዱን ይይዛል። የወረደው ሰው እስኪወጣ ድረስ መዝፈን አለበት። ዘፈኑ ከቆመ ገመዱ ይሳባል።

ሌላም ሕግ አለ። በተከፈተ ጉድጓድ አፍ ላይ የሰው ስም አይጠራም። ጉድጓድ ስም ከሰማ ይለምደዋል፣ ከለመደው ይጠራዋል ይባላል። ከውስጥ ያለው ሰውም ስሙ ሲጠራ ቢሰማ አቤት አይልም። የላይኞቹ ሕጉን ስለሚያውቁ አይጠሩትም፤ እንግዲህ የጠራው ሌላ ነው ማለት ነው። ክርስቲያኑ አማትቦ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ይከፍታል፤ ስም ባለመጥራት ግን ሁሉም አንድ ነው። ልጅ ሆነን ይህን ሕግ ያልነገረን ትልቅ ሰው አልነበረም።

አባቴ የሞተው በገዛ ጉድጓዳችን ውስጥ ነው። ገመዱን የያዘው አጎናፍር ነበር። እኔ ገና እናቴ ጀርባ ላይ የምታዘል ሕፃን ስለ ነበርኩ ያወቅሁት ሲወራ ሰምቼ ነው። አጎናፍር የተናገረው አንድ ነገር ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ አልለወጠውም፤ «ሲዘፍን ነበር» አለ። ዘፈኑ ስላልቆመ ገመዱን አልሳበም። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ስታዘቀዝቅ፣ ጆንያው አልሞላ ሲል፣ ያኔ ግራ ገብቶት ሳበ። የወጣው ሰው ከሞተ የቆየ ነበር፤ ጣቶቹ ደርቀዋል። ማን ያምነዋል? ወንዶቹ ጠጥቶ እንቅልፍ ወስዶት ነው አሉ። ሴቶቹ ሚስቱን ተመኝቶ ነው አሉ። ዓመት አልፎ እናቴን ሲያገባት የሴቶቹ ወሬ አሸነፈ። እማ ለምን እንዳገባችው ጠይቄያት አላውቅም። ከሐዘኑ በኋላ ሳትጠራው በሬዎቹን ጠምዶ እርሻዋን ሲያርስላት እንደ ከረመ ብቻ ነግራኛለች። እስከ አባቴ ሞት ድረስ ጠላ እንኳ የማይደግም ሰው ነበር ይላሉ፤ እኔ ያወቅሁት ግን ሌላውን ነው።

እኔ ያወቅሁት አጎናፍር ሲገባ ቤቱ ይጠባል። እኔን «የሟች ልጅ» ነበር የሚለኝ። የሟች ልጅ ውሃ አምጣ፤ የሟች ልጅ ከፊቴ ዞር በል። አረቄው ሲበዛ ይመታኛል፣ ሳይበዛም ይመታኛል። ከዱላው ይልቅ የሚከብደኝ ግን ዝምታው ነበር፤ እሱ ባለበት ቤት እኔ አልናገርም። አንድ ቀን ከማማ ላይ ወፍ ስጠብቅ ውዬ፣ ወንጭፌን አንገቴ ላይ ጥዬ፣ ደስ ብሎኝ እየዘፈንኩ ገባሁ። እማ ስትፈጭ የምታንጎራጉረው፣ የአባቴ ነበር የምትለው ዘፈን ነው።

ማሽላው ጎበጠ ዘለላው ከብዶት፣
ጠባቂው ወዴት ነው ለወፉ ትቶት።

ከውስጥ የተቀመጠበት ዱካ ተወርውሮ ከግድግዳው ላይ ተሰበረ። አጎናፍር ተነስቶ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ እያየኝ ነው፤ ሆኖም ወደ እናቴ ዞሮ ቀስ ብሎ «ማነው የዘፈነው?» አላት። ልጁ ነው አለችው። «አይደለም» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ባለበት እንኳን መዝፈን ማሳልም ፈራሁ። የገዛ ድምፄ ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር፤ የአባቴን ድምፅ ይመስል እንደ ነበር የነገረኝ የለም።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። የየትኛው መንግሥት ጊዜ እንደ ሆነ የተማሩት ይናገሩት፤ እኔ የማስታውሰው ማሽላው ዘለላው ላይ እንዳለ መድረቁን፣ የወንዙ አሸዋ እንደ ዱቄት ነጭ መሆኑን፣ ሰው ለሰርግ ያስቀመጠውን የቴትሮን ሸሚዝ ሳይቀር አስፋልቱ ዳር ዘርግቶ መሸጡን ነው። ለቤታችን የቀረው እህል ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አባቴ በሞተበት ጉድጓድ ውስጥ። አባቴ ከወጣ በኋላ አፉን እንደ ደፈኑት ቀርቷል። ሰው የበላ ጉድጓድ አይከፈትም ይባላል። እማ ግን አንድ ቀን የመጨረሻውን ዱቄት ከዕቃው ግድግዳ ላይ በጣቷ ጠርጋ ከጨረሰች በኋላ፣ ልጄ እያየሁት ሲያልቅ እህል መሬት ውስጥ አላስቀምጥም አለች። አጎናፍር አይሆንም ብሎ ወጣ፤ ወደ ሮቢት ሄዶ ሁለት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ደጃፍ ላይ ገመድ ሲገምድ አየሁት።

«የሟች ልጅ» አለኝ፣ «የምትወርደው አንተ ነህ።»

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የጉድጓዱ አንገት የእሱን ትከሻ አያሳልፍም፤ ሌላ ሰው ደግሞ ያን ጉድጓድ በወርቅ ቢለምኑትም አይወርድበትም። እኔ ግን ምክንያቱን አልሰማሁም። የሰማሁት የውሃ ቀጂ ሴቶቹን ወሬ ነው፤ አባቱን ገደለው፣ ልጁ ቀረ ሲሉ። ያን ቀን አረቄ አልሸተተኝም፤ ይሄ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ። ሰውየው ሳይጠጣ ምን እንደሚመስል አላውቀውም። ዓይኑ እኔን አያይም፣ ገመዱን በየስንዝሩ እየሳበ ይፈትሻል። እማን ለብቻዋ ይዤ አትላኪኝ አልኳት። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እኔ እዚያው እሆናለሁ፣ ሼህ ሰይድም ይኖራሉ፣ ምንም አትሆንም» አለችኝ። ሼህ ሰይድ ዘር ማንዘራቸው ከአሊዩ አምባ የመጣ፣ የዕድሜ ባለጸጋ ጎረቤታችን ናቸው፤ መንደሩ ውስጥ እሳቸው ባሉበት የሚዋሽ የለም። «ብቻ ዘፈንህን አታቁም» አለች እናቴ። «ስምህን ብትሰማም አቤት እንዳትል። እኛ አንጠራህም።»

ጉድጓዱ ከግራሩ ማዶ ነበር። ጭቃው ሲነሳ ያ ሽታ ወጣ፤ እማ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዞረች። አጎናፍር ከማንም በላይ ረጅም ጊዜ ጠበቀ። ኩራዙን አወረደ፣ አወጣ፣ እንደገና አወረደ። ኩራዙ አልጠፋም። ሼህ ሰይድ የጀበና ክዳን የሚያህል ጥላ ከግራሩ ሥር ፈልገው ቆሙ፤ ከከንፈራቸው የሚወጣው ቁርኣን ብቻ ይሰማል። ወገቤን ሲያስረኝ አጎናፍር ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ቀረበኝ፤ ሦስት ጊዜ ቋጠረው። በአንገቱ ስወርድ ትከሻዬ ግራና ቀኙን ፋቀው፤ ከዚያ ሰፊው ሆድ ውስጥ ተንጠልጥዬ ቆየሁ፤ ከዚያ እግሬ ማሽላው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባ።

ሙቅ ነው። ጨለማው ውስጥ እህሉ ራሱ የሚሞቅ ከብት ይመስላል። መዝፈን ነበረብኝ፤ ከፍርሃቴ የተነሳ ከማውቀው ዘፈን ሁሉ ሌላ አልመጣልኝም፤ ያን የአባቴን ጀመርኩ። እየዘፈንኩ ጆንያውን በሳህን ሞላሁ፤ ተሳበ። ባዶው ወረደ፤ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ሳህኑን ባስገባሁ ቁጥር ከእህሉ ሥር ሙቅ ትንፋሽ ይወጣል። ጭንቅላቴ እየከበደ መጣ። ድምፄ ግድግዳውን እየዞረ ይመለሳል፤ አንዳንዴ እኔ ሳልደርስበት ቀድሞኝ ይሄዳል። ሁለተኛው ጆንያ እንደ ተሳበ ሰማሁት።

«ንጋቱ።»

የማን ድምፅ እንደ ሆነ አላወቅሁም። አጎናፍር ስሜን ጠርቶ ስለማያውቅ በእሱ አፍ ስሜ ምን እንደሚመስል ከየት ላውቅ? ቀና ብዬ ሳይ ከላይ ክብ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው፤ ፊት የለበትም። እናቴ እንዳለችው ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘፈንኩ። «ንጋቱ፣ አቤት በል» አለ። ጉድጓዱ ተማጸነኝ ማለት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ዘፈንኩ። ሦስተኛው ጥሪ ልቅሶ ያለበት ነበር፤ እሱንም አልመለስኩም። ከዚያ ወዲህ ያለው ይጠፋብኛል። ማሽላው ላይ እንደ መቀመጥ አደረግሁ፤ አፌ የተዘጋ ይመስለኛል፤ ዘፈኑ ግን ይሰማኛል። ማን እየዘፈነ እንደ ሆነ ለማሰብ ደከመኝ።

ገመዱ ጎድኔን ቆረጠኝ። የአንገቱ ድንጋይ የትከሻዬን ቆዳ ገፈፈው፤ ፀሐይ ላይ ተጣልኩ። አጎናፍር ገመዱ ክንዱ ላይ እንደ ተጠመጠመ በጀርባው ወድቋል፤ መዳፉ ደም በደም ነው። ተነስቶ እየዳኸ መጣና አገጬን ያዘኝ። ዓይኔን አይደለም ያየው፤ አፌን ነው። ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ እንደ ሆነ ያያል። አልተንቀሳቀሰም።

ከጉድጓዱ ውስጥ ዘፈኑ ይሰማል።

ማሽላው ጎበጠ ይላል። ረጋ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሥራ የያዘ ሰው እንደሚዘፍነው። እማ የመጀመሪያውን ጆንያ እንዳቀፈች ቆማለች፤ ቀስ ብላ «ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም» አለች። ሼህ ሰይድ ቁርኣናቸውን አቋረጡ። ዘፈኑ ጠባቂው ወዴት ነው ብሎ አንድ ጊዜ ሞልቶ ዞረ፤ ከዚያ እየሄደ እንዳለ ሰው እየራቀ፣ እየቀጠነ ጠፋ።

አጎናፍር አገጬን ሳይለቅ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሰሙ?» አላቸው።

«ሰማሁ፣ ወላሂ ሰማሁ» አሉ ሼህ ሰይድ።

«ያን ቀንም እንዲህ ነበር። እንዲህ እየዘፈነ ነው ገመዱን የያዝኩት። አቤት እንዲለኝ ልጠራው ፈልጌ ሕጉን ፈርቼ ተውኩት።» ከዚያ በጥፊ መታኝ። «አንተስ ስጠራህ ለምን ዝም ትላለህ?» አለና ጮኾ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልተው ደፈኑት። በሁለቱ ጆንያ ማሽላ ክፉውን ቀን አለፍነው፤ ሽታው ቂጣው ውስጥ ነበር፣ እኛም ሳንነጋገርበት በላነው። ከዚያ በኋላ አጎናፍር ሰው ሆነ፣ አባት ሆነኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልሆነም። አረቄውን ቀጠለ፣ ዱላውንም ቀጠለ፣ እኔም እንደገና የሟች ልጅ ሆንኩ። ስሜ ከዚያ ቀን በኋላ ካፉ አልወጣም። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። እኔ ከምተኛበት መደብ ኋላ ያለውን ግድግዳ ሲያመሽ በበትሩ ይመታዋል። እስክስል ድረስ ይመታዋል። ሳስል ዝም ይላል። መጀመሪያ ሊያናድደኝ ይመስለኝ ነበር፤ በሕይወት መኖሬን ሊሰማ እንደ ሆነ ሲገባኝ ግን ሳይመታው በፊት ማሳል ጀመርኩ። በፍቅር ነው ወይስ በፍርሃት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ምናልባት እሱም አልለየውም ነበር። የሰፈሩ ወሬ ግን የዚያኑ ሰሞን ሞተ፤ ሼህ ሰይድ ምን እንደ ሰሙ ገበያ መሀል ቆመው ተናግረዋል።

ትንሹ ልጄ የተማረ ነው፤ አንድ ጊዜ ስለ እህል ጉድጓድ በደምሳሳው ስጠይቀው፣ የታፈነ አየር ነው፣ ጭንቅላት ያዞራል፣ የሌለ ድምፅ ያሰማል አለኝ። ይሁን። እማና ሼህ ሰይድ ከጉድጓዱ ርቀው ነበር የቆሙት ብዬ አልተከራከርኩትም። ባለፈው በዚያ በኩል በባጃጅ ሳልፍ ቦታውን ለማየት አስቆምኩ። ግራሩ የለም። ሽንኩርት ተተክሎበታል፤ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይጮኻል፤ ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ ዘፈን ከፍተው ይኮተኩታሉ። አንዱ ሽንኩርቱ እዚያች ቦታ ላይ ለምን ቶሎ እንደሚደርቅ አይታወቅም አለኝ። ድንጋይ ይኖር ይሆናል አልኩት።

አጎናፍር ሲሞት እኔ ሮቢት ተቀጥሬ፣ ትዳር ይዤ ነበር። እናቴ በመኪና ረዳት መልእክት ላከችብኝ፤ በጠራራ ፀሐይ ደረስኩ። እማ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ከትናንት ጀምሮ ብርድ ልብሱን ጨብጦ በሁለት እጁ እየተቀባበለ ሲስብ ነው የዋለው አለችኝ። ምን ትስባለህ ስትለው ገመድ ነው ይላታል። «አሁን ገና ተኛ» አለች፣ «ጨብጦ ነው የተኛው፤ ጣቶቹን ላላቅቅ ብል እምቢ አለኝ።» ጎንበስ ብዬ ልገባ ስል ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከዚያ ፀሐይ ለመጣ ዓይን አልጋው እንኳ አይታይም። እግሬን ከመድረኩ ሳላነሳ ከውስጥ መጣ።

«ንጋቱ።»

ቆምኩ። ወደ እማ ዞርኩ፤ የምትሰማው እንደ ሆነ ለማየት። እኔን እያየች ነው፣ አፏ ላይ እጇን አድርጋለች። ድምፁ አልደከመም። የታመመ ሰው ድምፅ አይደለም። ያን የሚያህል ዘመን የኖርኩበትን ሕግ አውቀዋለሁ፤ ፊቱ አይታየኝም፤ የጠራኝ ማን እንደ ሆነም መማል አልችልም። ግን ያን ጊዜ ከላይ ሆኖ ምን ያህል እንደ ጠበቀ ትዝ አለኝ።

«አቤት» አልኩ።

«ወጥተሃል?» አለ።

«ወጥቻለሁ፣ ጋሼ።»

ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ ገባሁ። ብርድ ልብሱ ደረቱ ላይ ነው፤ ሁለት መዳፎቹ ወደ ላይ ተከፍተው ግራና ቀኝ አርፈዋል፤ የገመዱ ጠባሳ ይታያል። እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል፤ ጣቶቹ ደርቀዋል። በዚያ በቆላው ሙቀት ሰው እንዲያ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ይቆያል። እማ ከኋላዬ መጥታ የተከፈቱትን መዳፎች አየች፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ወዲያውም አልጮኸችም።

እንግዲህ የወፍጮ ቤቷ ልጅ ትታገሠኝ። ነገ ሄጄ ዱቄቴን እወስዳለሁ፤ በሩ ላይ እስክትወጣ ድረስም እጠብቃታለሁ። በዕድሜዬ ፊቱን ሳላይ አቤት ያልኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጥርጣሬ ውስጥ ሆኜም ቢሆን አቤት በማለቴ አልቆጭም።